በእማዬ መምጠጫ

ደብረ ማርቆስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ እናታቸውን ከቀበሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፣ ልየው በእናቱ ቤት ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ ታላቅ እህቱ ጥሩወርቅ ደርሳበታለች።

ጥሩወርቅ፦ አጥፋው አልኩህ! ልየው፣ ከሶኬቱ ንቀለው!

ልየው፦ ቆይ እታለም፣ ትንሽ ነው የቀረው። አሁን ካጠፋሁት ቱቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል።

ጥሩወርቅ፦ ይውረድ! የእማዬን የአክታ መምጠጫ እኮ ነው መኪና ውስጥ የከተትከው! ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?

ልየው፦ ማሽኑን አልከተትኩትም። የገባው ቱቦው ብቻ ነው፣ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ። ባለፈው ጋራዥ ወስጄው ዘይት የሚወርድበትን የሥሩን ቡሎን ጥርሱን ጨርሰውብኛል፤ ከፈታሁት አይገጥምም። እንዲህ ከሆነ ግን ከላይ ሆኖ መምጠጥ ነው፣ አለቀ። ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ ሲሠራው አየሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነው ዘይቱን የቀየረው፣ ጠብታ አልነካውም።

ጥሩወርቅ፦ ሰውዬው በእናቱ መምጠጫ ነው የቀየረው?

ልየው፦ የሱ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ነው፣ እዚህ አይገኝም። ግን ሥራቸው ያው ነው። አየር ይስባል፣ ፈሳሹ ይመጣል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ማሽን የሚመጥጠውን ይመርጣል እንዴ?

ጥሩወርቅ፦ ኤጭ! ጠርሙሱን ወዲያ አድርግልኝ! ምንድን ነው እሱ፣ ጭቃ ነው?

ልየው፦ ዘይት ነዋ። ዓመት ሙሉ ሳይቀየር የቆየ ዘይት እንዲህ ይጠቁራል። እስቲ እዪው፣ በጣት ሲታሽ...

ጥሩወርቅ፦ አትሸው! ውይ፣ ያሸዋል ደግሞ! ሽታው ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ እኮ። እስከ ክርንህ ተነክረሃል። አፍንጫህ ላይ ምን አደረሰው?

ልየው፦ በላኝና አከክሁት።

ጥሩወርቅ፦ በዚያው እጅ! አይቀፍህም?

ልየው፦ የሞተር ዘይት ምኑ ይቀፋል? ንጹሕ ቆሻሻ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ንጹሕ ቆሻሻ። እሺ። የእማዬስ?

ልየው፦ እሱን አሁን ለምን ታነሺዋለሽ?

ጥሩወርቅ፦ አራት ወር ሙሉ ይሄ ማሽን በተነሳ ቁጥር ወደ ውጭ ስትሮጥ ነበራ! በር ላይ ቆመህ "ጨረስሽ?" ትለኛለህ። ጠርሙሱን ልደፋ ሳልፍ ፊትህን ወደ ግድግዳ ታዞራለህ። ከእናትህ ጉሮሮ የወጣው ሊያስታውክህ ደረሰ፣ ይሄን ጥቁር አተላ ግን በጣትህ እያሸህ ቅመሽ ልትለኝ ነው!

ልየው፦ ሰው የሚቀፈውን መርጦ አይደለም፣ እታለም።

ጥሩወርቅ፦ ለመሆኑ ይሄ ማሽን የማን እንደሆነ ታውቃለህ?

ልየው፦ የኛ ነዋ። የማን ሊሆን ነው?

ጥሩወርቅ፦ በአርባዋ ቀን ዕድርተኛው ሁሉ በተቀመጠበት "የታማሚ ዕቃ ቤት ውስጥ አይከማች፣ ለሚያስፈልገው ይለፍ" አልተባለም? ተሽከርካሪ ወንበሯ ለነአትጠገብ ቤት አልሄደም? አንተ ራስህ ተነስተህ "መምጠጫው ደግሞ ጎረቤታችን ጋሽ ይርጋ ከሆስፒታል ሲወጡ ይሰጣቸው" አላልክም? ሽማግሌዎቹ መርቀውህ፣ አሜን ብለህ ተቀመጥክ!

ልየው፦ እኔ እኮ አይወጡም ብዬ...

ጥሩወርቅ፦ አይወጡም ብለህ?

ልየው፦ ቶሎ አይወጡም ማለቴ ነው! ስትሮክ የመታው ሰው ቶሎ አይወጣም። እስከዚያ አንዴ ብጠቀምበት ማንን ይጎዳል? አጥቤ አስቀምጠዋለሁ።

ጥሩወርቅ፦ በምን ታጥበዋለህ?

ልየው፦ በቤንዚን።

ጥሩወርቅ፦ በቤንዚን ያጠብከውን ቱቦ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ልታስገባ!

ልየው፦ ከዚያ በሳሙና ነዋ። ከዚያ አንቺ ትቀቅይዋለሽ።

ጥሩወርቅ፦ እኔ? በየትኛው ድስት? ወጥ በምሠራበት? ቆይ እስቲ፣ ድምፁን ስማው። እንዲህ ነበር የሚጮኸው?

ልየው፦ ትንሽ ሻክሯል።

ጥሩወርቅ፦ ጠርሙሱ እኮ እስከ አፉ ሞልቷል! ከዚህች መስመር ካለፈ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ በሞላ ቁጥር ይደፋል ብዬ ስንት ጊዜ... አሃ፣ አንተ ከየት ታውቀዋለህ። እኔ ስደፋው አንድ ቀን ቆመህ አላየህም።

ልየው፦ ጠፋ። እኔ አልነካሁትም፣ ራሱ ነው የጠፋው።

ጥሩወርቅ፦ ከሥሩ የሚወርደው ምንድን ነው?

ልየው፦ ዘይት።

ጥሩወርቅ፦ እፈር! እፈር ልየው! አሁንስ አንተን ማየት ራሱ ቀፈፈኝ። የመጣሁት እኮ ልወስደው ነው። ጋሽ ይርጋ ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል። ሚስታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ አልጋውን አዘጋጅተው ይሄን ነው የሚጠብቁት።

ልየው፦ ዛሬ? ማንም አልነገረኝም!

ጥሩወርቅ፦ ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ባለ ነጭ ሸሚዙን እያየህ ነበርና አላነሳህም። ቆይ፣ ስልኬ ጠራ፣ እሳቸው ናቸው። አቤት እትዬ... አዎ፣ እማዬ ቤት ነኝ... ከመቼ ጀምሮ?... ከንፈራቸውስ?... በጀርባቸው እንዳይተኙ፣ በጎናቸው ያዙሯቸው... ብቻዎን እንደማይችሉ አውቃለሁ፣ ትራስ ከኋላ ደገፍ ያድርጉላቸው... መምጠጫው... መጣን እትዬ። መጣን።

ልየው፦ ምን አሉ?

ጥሩወርቅ፦ ጉሮሯቸው ሞልቶ ሲተነፍሱ ይንዶቀዶቃል። መምጠጫውን ይዘሽ ድረሺ ነው የሚሉኝ። ምን ልበላቸው? መኪና አበላሽቶታል ልበላቸው?

ልየው፦ ወደ ሆስፒታል እንመልሳቸው። በመኪናው...

ጥሩወርቅ፦ በየትኛው? ዘይቱን መጥጠህ ባዶ ባደረግከው?

ልየው፦ አዲሱ ዘይት እዚሁ ነው፣ አራት ሊትር። መጨመር ብቻ ነው፣ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ፊልትሮው አሮጌ ቢሆንም ሆስፒታል ያደርሰናል። ያን የተቆረጠ ሃይላንድ አቀብይኝ፣ በሱ ነው የማንቆረቁረው።

ጥሩወርቅ፦ ኤዲያ፣ ይሄም በዘይት ተለውሷል! ያዝ። እጄን ምን ላይ ልጥረገው አሁን? ቀሚሴ ላይ? ቶሎ በል እንጂ!

ልየው፦ ወፍራም ነው፣ በቀስታ ካልሆነ ይገነፍላል።

ጥሩወርቅ፦ እኔ የሚገርመኝ አንተ ነህ። እኔ ደጀን ለቅሶ ልደርስ የሄድኩ ቀን ብቻህን መጥጠህላት የለም? ስመለስ አፏ ተጠርጎ፣ ጠርሙሱ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት። ዘመዱ ሁሉ "ያ ልጅ እናቱን ተጠየፋት" ሲል "አንድ ቀን ግን ችሏል" እያልኩ ስከራከርልህ ከረምኩ። ያ ሰው ወዴት ሄደ?

ልየው፦ እኔ አይደለሁም።

ጥሩወርቅ፦ ምኑ?

ልየው፦ ያን ቀን የመጠጠላት እኔ አይደለሁም። ቱቦውን ይዤ አፏ ድረስ አደረስኩት። እሷም ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ውስጥ ያለውን አየሁና ጥዬ ሮጥኩ። አጥሩ ሥር ሳስታውክ ጋሽ ይርጋ በወዲያ በኩል ሆነው አዩኝ። ምንም አላሉኝም። ዞረው መጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ገብተው መጠጡላት። ጠርሙሱንም ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ሲወጡ "እህትህ ከጠየቀች አንተ ነህ የሠራኸው" አሉኝ።

ጥሩወርቅ፦ ጋሽ ይርጋ?

ልየው፦ አዎ። ሆስፒታል ተኝተው አንድ ቀን እንኳ ሄጄ ያልጠየቅኳቸው ለዚህ ነው። በምን ዓይኔ ልያቸው? ይሄን ማሽን ባየሁት ቁጥር ራሴን እጠየፈው ነበር። ዛሬ ከመኪናው ጋር ሳገናኘው የሆነ ተራ ዕቃ መሰለኝና ቀለለኝ።

ጥሩወርቅ፦ ወደ ውጭ እያፈሰስከው ነው። ቀና አድርገው።

ልየው፦ ሃይላንዱ እየተንሸራተተብኝ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ስጠኝ፣ እኔ ልጨርሰው። ሂድና ታጠብ። በሳሙና፣ እስከ ክርንህ። ጥፍርህን ሳይቀር።

ልየው፦ መሪ ለመያዝ ይሄን ያህል መታጠብ ምን ያደርጋል? በጨርቅ ጠረግ አድርጌ...

ጥሩወርቅ፦ አትነዳም። ቁልፉን አምጣ።

ልየው፦ ታዲያ ማን ሊነዳ ነው?

ጥሩወርቅ፦ እኔ። መንጃ ፈቃዴን ለጌጥ አላወጣሁትም። ጋሽ ይርጋ ሰማንያ ኪሎ ናቸው፣ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። በየጉድጓዱ እየዘለልን በጎናቸው ደግፎ ለመያዝ የኔም የእትዬ ማንጠግቦሽም ክንድ አይበቃም። ከኋላ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ራሳቸው ጭንህ ላይ፣ አፋቸው ወደ ታች ዘንበል ብሎ። የሚወጣውን ትጠርጋለህ። ጉንጫቸው ውስጥ የቀረውን ጣትህን በጨርቅ ጠቅልለህ ታወጣለህ። ንጹሕ ጨርቅ ከቁም ሣጥኑ አመጣለሁ።

ልየው፦ እታለም... ካስታወከኝስ?

ጥሩወርቅ፦ አንገትህን በመስኮት አውጥተህ አስታውክ። እጅህ ግን ከአገጫቸው እንዳይነሳ።