ትናንትን ያላሳለፉት እኅታችን

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ እኅታችንን ለመሸኘት የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እንዲሁም ጆሯቸው እንደከበደ ስለምናውቅ ከፊት ወንበር ያዘጋጀንላቸው የተከበሩ ፕሮፌሰር፤ የእኅታችንን ዜና ሕይወት ታላቅ ወንድማቸው ያነባልና በጥሞና እንድታዳምጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአትክልት ነጋዴ እናታቸው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተው ሲያለቅሱ፣ አባታቸው «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ያለፈው አለፈ» ብለው ቢያባብሏቸው፣ «ውሃውስ ይሁን፤ መፍሰሱ ግን የት ሄደ?» ብለው በመጠየቃቸው፣ አባት መቀሳቸውን አስቀምጠው «ይቺ ልጅ ወይ ዳኛ ትሆናለች፣ ወይ ታሳብደናለች» ማለታቸው በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር ኖሯል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በአንድ ግቢ አጠናቀው፣ ወንድማቸው በዚያው ሲወሰን፣ እርሳቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሜታፊዚክስ የተባለውን፣ አንድ ነገር «አለ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሚመረምረውን የፍልስፍና ዘርፍ መረጡ። «ደግሞ ይሄ ምን ሥራ ይወጣዋል?» ላሏቸው አክስታቸውም «አክስቴ፣ ሥራስ ሞልቷል፤ ደመወዙ ነው የሌለው» ሲሉ መለሱ።

ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት፣ የሩቅ አገር ከዓይናችን ስለራቀ የለም እንደማይባል ሁሉ፣ የተደረገ ነገርም ጊዜው ስለራቀ ከመኖር አይወጣም፤ ትናንት በቦታው አለ የሚል ነበር። ጥናታቸውን ለመርማሪዎች ባቀረቡበት ዕለት፣ የመርማሪዎቹ ሰብሳቢና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት፣ ዛሬ ከፊታችን የተቀመጡት ፕሮፌሰር፣ መነጽራቸውን አውልቀው ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሰው «ወይዘሪት፣ ትናንትዎ የት ወደቀ? ከወንበሬ ሥር አጣሁት እኮ!» ባሉ ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በመጨረሻው ረድፍ የነበሩት እናታቸው፣ ልጃቸው የተመሰገኑ መስሏቸው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አብረው ሳቁ። ጥናቱ ወደቀ፤ ለእኅታችንም «እመት ትናንት» የሚል ቅጽል ወጣላቸው።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ እኚሁ ፕሮፌሰር ያንኑ ሐሳብ፣ የሩቁን አገር ምሳሌ እንኳ ሳይለውጡ፣ በራሳቸው ስም በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ተጨበጨበላቸው፤ ተሸለሙ። እኅታችን አቤት ቢሉ «ሐሳብ የግል ርስት አይደለም» ተባሉ። እርሳቸውም በሌላ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ጨርሰው፣ ከደረጃ ሥር ባለች፣ ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር ጣሪያዋ በሚንኳኳ ቢሮ ተቀምጠው ማስተማር ጀመሩ።

ያን መጽሐፍ ያፈርሱታል ብለን ስንጠብቅ፣ እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠበቃው ሆኑለት። አንዱ ምሁር ስንጥቅ ባገኘበት ቁጥር ጽሑፍ አውጥተው ደፈኑለት፤ ሌላው በር ሲከፍት ዘጉበት። ፋርማሲስት የሆኑት ባለቤታቸው፣ «ሚስቴ ትናንት አለ የምትለው የትናንቱን ምሳ ልታበላኝ ነው» እያሉ የሚቀልዱት ሰው፣ አንድ ቀን ቀልዱን ትተው «ለጠላትሽ ቢላዋ ትስያለሽ እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ልሳለው ተወኝ፤ በማን አንገት ላይ እንደተቀመጠ ፕሮፌሰሩ ገና አላዩትም» አሉ። ከእኚሁ ባለቤታቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ በወግ በማዕረግ አሳድገዋል።

የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል በተኙበት ወቅት፣ ፕሮፌሰሩ በከረጢት ብርቱካን ይዘው መጡና ከአልጋው አጠገብ ቆመው «እኅቴ፣ ሁለታችንም አርጅተናል፤ ያለፈው አልፏል፤ ይቅር በይኝ» አሉ። እኅታችን የኦክስጅን ጭንብላቸውን በእጃቸው ገለጥ አድርገው፣ ቃል በቃል እንዲህ ሲሉ ባለቤታቸውና እኔ ወንድማቸው ሰምተናል፦ «ፕሮፌሰር፣ መጽሐፍዎ አላለፈም ይላል። እውነት ከሆነ እርስዎ አሁንም ከጠረጴዛው ሥር እንዳጎነበሱ ነው፤ እናቴም አሁን እየሳቀች ነው፤ ምኑን ይቅር ልበል? ሐሰት ከሆነ ደግሞ አደባባይ ወጥተው ሐሰት ነው ይበሉና ይቅር እላለሁ። ማፍረሻ ይፈልጉለት፤ እኔ ግን አንድም ቀዳዳ አልተውኩልዎትም።» ፕሮፌሰሩ ከረጢቱን ከአልጋው ግርጌ አስቀምጠው ወጡ። ብርቱካኑን አስታማሚዎች ተካፈሉት። እኅታችንም ከዚያ በኋላ ሕመሙ በርትቶባቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

ፕሮፌሰሩ በዚህ ሥነ ሥርዓት ላይ ንግግር ለማድረግ ጠይቀውን ነበር፤ በሟች ኑዛዜ መሠረት ግን አድማጭ እንዲሆኑ ተወስኗል።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ ከደረጃው ሥር ያስተማሯቸውን በርካታ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ይቅርታ ያላገኙ አንድ ፕሮፌሰር ትተው ተለይተውናል። ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን። ለፕሮፌሰሩም ረጅም ዕድሜን፣ አንዲት ቀን እንኳ ከማይዘነጋ አእምሮ ጋር፣ አብዝቶ ያድልልን። ይህቺን የመጨረሻዋን ጸሎት ከፊት የተቀመጡት እንዲሰሟት፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሜን በሉልን።