ኦቶ አውሮፕላን አይወድም

ዛሬ ጠዋት ሊፍት ውስጥ አንድ ሰውዬ ለጓደኛው፣ «ሀብታሞቹ እኮ ግብር ሸሽተው ፍሎሪዳ ገቡ፤ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድም አልቀረ» ሲለው ሰማሁ። ሰው ያለውን ማመን ልማዴ ነው። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ለቅሶ ልደርስ ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ወደ ማዲሰን ጎዳና ወጣሁ። የተዘጋ ሱቅና ጭር ያለ መንገድ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ለአንድ ሳህን ሰላጣ የተሰለፈ ሕዝብና አምስት ውሻ የሚያንሸራሽር ጎልማሳ ነው። «የማን ናቸው?» አልኩት። «ባለቤቶቻቸው ፍሎሪዳ ናቸው» አለኝ። ውሾቹ ግን ደልቷቸዋል።

ክቡራትና ክቡራን፣ የክፍላችን ኃላፊ ሚስተር ዴዝመንድ ፕሩት፣ ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሪን፣ የፓስትራሚ ሥጋው እንዳይደርቅ ከጠዋት ጀምሮ እንደ አራስ ስለጠበቅሽው እግዜር ይስጥልኝ። ኬኩም ያምራል። ኬኩ ላይ የዘንባባ ዛፍ ተስሏል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የትዳር ጓደኞቻችሁም ስላሉ ሥራችን ምን እንደሆነ ልናገር። እናንተ እቤት እንደማታወሩት አውቃለሁ፤ እኔ አውርቼው ወዳጅ አጥቻለሁ። አንድ ባለጸጋ፣ «ከኒው ዮርክ ወጥቻለሁ፤ የምኖረው የገቢ ግብር በሌለበት በፍሎሪዳ ነው» ሲል፣ እኛ የኒው ዮርክ የግብር መርማሪዎች እውነት ወጥቷል ወይ ብለን እንጠይቃለን። በቃ፣ ሥራችን ይኸው ነው።

ቤት ይገዛል፤ መንጃ ፈቃድ ይቀየራል፤ የቀብር ቦታ ሳይቀር እዚያ ይያዛል። እኛ የምንፈልገው ሰው የሚሳሳለትን ነገር ነው። የእናቱ ፎቶግራፍ የተሰቀለው የት ነው? ፒያኖውስ? ውሻውስ? ሕጉ ቤቱ የሚለው እነሱ ያሉበትን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላንሳ። ስሙን አልጠራም፤ ሕጉ አይፈቅድልኝም፤ ጡረታ ብወጣም አይፈቅድልኝም። ውሻውን ግን የሚጠብቅ ሕግ የለም። ኦቶ ይባላል።

ሰውዬው ድርጅቱን በሸጠበት ዓመት፣ ከሽያጩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ድንገት የፍሎሪዳ ፀሐይ ናፈቀው። ይህች ፀሐይ ትገርመኛለች፤ ድርጅት ሊሸጥ ሲል ነው የምትሞቀው። የፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ቤቱን ሊያሳየኝ ከጠበቃው ጋር ጠበቀኝ። ሸሚዞቹ ተሰቅለዋል፤ መጻሕፍቱ ተደርድረዋል፤ ብርቱካኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ጠበቃው ምንም አልረሳም። ልሄድ ስነሳ፣

«ውሻ አለዎት?» አልኩት።

«አለኝ እንጂ» አለ፣ ፊቱ በርቶ።

«የት ነው?»

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ።

«ኒው ዮርክ ነዋ። ምን ላድርግ፣ ኦቶ አውሮፕላን አይወድም። አርጅቷል፤ ልቡም ደካማ ነው።»

ስለ ገንዘቡ የታዘዘውን ሁሉ ሊል የተዘጋጀ ሰው፣ ስለ ውሻው መዋሸት አቃተው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እወደዋለሁ። ግብሩን ግን አስከፍዬዋለሁ።

ጉዳዩ ያለቀ ዕለት ቢሮዬ መጣ። ጠበቃው ኮሪደሩ ላይ ስልክ ያወራል።

«ወይዘሮ ሳዶውስኪ» አለኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንደ ሰው። ይሄ ነገር ፍትሐዊ ነው? ልጆቼ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። እኔ በምድር ውስጥ ባቡር ከተሳፈርኩ ዘመን የለውም። ሐኪሜ እቤቴ ይመጣል። ቋቱን የምንሞላው ግን እኔና መሰሎቼ ነን። ምን ገዛሁበት?»

ጥያቄው የምር ነበር፤ ስለዚህ አላፌዝኩበትም።

«ኦቶን ማን ነው የሚያንሸራሽረው?»

«ኢግናሲዮ።»

«በምን ይመጣል?»

«በባቡር መሰለኝ።»

«የልቡን መድኃኒትስ ማን ይሰጠዋል?»

«እሱው ራሱ።»

«ብልቃጡ ላይ ያለውን ማንበብ የት ተማረ?»

«የእርስዎ ነገር በውሻ ይጀምራል፣ በውሻ ያልቃል» አለኝ። ቀጥሎም፣ «እርስዎስ ይከፍላሉ?» አለ።

«ደመወዜ እጄ ሳይገባ ተቆርጦ ነው።»

«ጡረታ ሲወጡስ?»

ይሄኔ ጠበቃው በሩን ከፍቶ ገባ። ሰውዬው መልሱን ሳይሰማ ሄደ።

እንግዲህ ፍትሐዊ ነው ወይ? አዎ፣ ነው። ይህን የምለው ሀብታም ስለምጠላ አይደለም፤ የሰው ሁሉ የግብር ጉዳይ ሲነበብ አንድ ዓይነት ነው፣ ፍርሃትና ተስፋ። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። ድርጅቱን ግን በረሃ ላይ ብቻውን አልሠራውም። ሠራተኞቹን ያስተማረ አለ፤ ውሉን ያስከበረለት ዳኛ አለ፤ ዕቃው የተሻገረበት ድልድይ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እሱ ደግሞ፣ «አርባውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ» ይላል። እውነቱን ነው። የሎሚው ዛፍ ያለው ግን እሱ ግቢ ነው።

ይከብዳል? ይከብዳል። የከበደ ነገር ሁሉ ግፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ሕንፃ የሠራው ሰው ሊፍቱ ሲበላሽ ስለምንወጣው ደረጃ ብቻ በታሰረ ነበር።

አሁን ወደ ዘንባባው። ከዚህ ክፍል ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ የባሕር ዳርቻ ጃንጥላ ይሸለማል። ለምን? ሁሉም ፍሎሪዳ ስለሚገባ ነው። ዕድሜ ልካችንን ወደ ፍሎሪዳ የሸሹትን ስንከታተል ኖረን፣ መጨረሻ ላይ ከጎናቸው ወንበር ዘርግተን እንቀመጣለን። ይህ ነገር እንግዳ ሆኖበት የሚያውቅ አለ? ዴዝመንድ ሰሞኑን ባገኘኝ ቁጥር፣ «ዊኒ፣ በረራው መቼ ነው?» ይለኛል። ውርርድ እንደተያዘም ሰምቻለሁ። ማን የትኛውን ወር እንደያዘ አልጠይቅም፤ ሁላችሁም ተበልታችኋል።

እህቴ ቨርና ታምፓ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ለእኔ አንድ ክፍል አዘጋጅታ ቀለም አስቀብታለች፤ እኔ የምወደውን አረንጓዴ። ትናንት ደወለች።

«አንቺ ግትር፣ ሁለታችንም ጥርስ እያለን አብረን ቁርስ እንብላ እንጂ።»

«ቨርና፣ የሄደውን ሁሉ ተመለስ ስል ኖሬ እኔ እንዴት እሄዳለሁ?»

«ማን ያይሻል?»

«እኔ አያለሁ።»

«እሱ ሥራሽ ነበር። ጡረታ ወጣሽ እኮ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ሌሊቱን አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። ስነቃ ግን ያ አረንጓዴ ክፍል ፊቴ ነበር። እሷን ማጣት ቀላል አይደለም። ቢሆንም አልሄድም። ለፋሲካ እጠይቃታለሁ፤ የመልስ ትኬቴን ይዤ። የቀረውን ጊዜ እዚሁ በብርዱ፣ እዚሁ በባቡሩ፣ ሌሎችን ኑሩ ባልኩበት አገር እኖራለሁ። ጃንጥላውን ለኮሪን አስረክቤያለሁ፤ አውቶቡስ ስትጠብቁ ዝናብ ቢመጣ ሦስት አራት ሰው ያስጠልላል።

ዘንባባው ያለበትን ቁራጭ ለዴዝመንድ ቁረጡለት።

በሉ ልመርቃችሁ። ዓይናችሁ አይድከም፤ ወገባችሁ አይጉበጥ። የምትመረምሩት ሰው ሁሉ የሚወደው ውሻ ይኑረው። ለልጆቻችሁ ግብሩ የሚያስመርር ገቢ ይስጣቸው፤ ሳይመረሩም ይክፈሉት። ከመካከላችሁ የሚሄድ በሰላም ይግባ፤ የሚቀር ጎረቤት አያሳጣው። ሁላችሁንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ፤ ነገ የሚተካኝ ሰው ወንበሬ ይመቸው፤ የወንበሩ ግራ እግር ይነቃነቃል።

የኦቶ ባለቤት ያን ዕለት ያልተመለሰለት ጥያቄ ነበረው፤ ጡረታ ስወጣ እከፍል እንደሆነ። እሱን መልሼ ልቀመጥ። በዚህ ግዛት ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የገቢ ግብር የለበትም። እኔ ደግሞ ሌላ ገቢ የለኝም። ከሰኞ ጀምሮ ለኒው ዮርክ የምከፍለው የገቢ ግብር ዜሮ ነው።