ሃምሳ አለቃው ደረጃውን ሲፈልጉ

ሰው በግ ሲቆጥር፣ ቀን ሲቆጥር አይቻለሁ፤ የሌለ ነገር ሲቆጥር ያየሁት ግን ያን ዕለት ጠዋት ነው። አንድ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው ሲሚንቶ የተቋጠረበት ፌስታል፣ በሌላው የግንበኛ ማንኪያ ይዘው ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት መንገዱ መሐል ቆመዋል። የበሩን ግርጌ ያያሉ፤ በማንኪያው ወደ ባዶው እየጠቆሙ «አንድ፣ ሁለት…» ይላሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ በግራ በቀኛቸው ያልፋል።

የኔ ጠረጴዛ ከጣቢያው ማዶ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ሥራዬ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ሳንስማማ ተለያየን፤ የቀረውን ከደንበኞቼ መከራ ተማርኩ። ጣቢያው አጠገብ የተቀመጥኩት ጃንጥላ ሻጭ ዝናብ በሚወድበት ምክንያት ነው፤ ማንም በዚህ አይቀየመኝ።

«አባባ፣ መኪና ይገጭዎታል፤ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ» አልኳቸው።

ጠጋ አሉ። ዓይናቸውን ግን ከበሩ አልነቀሉም።

«ደረጃው የታለ?»

«የምን ደረጃ?»

«የጣቢያው ነዋ!»

«ጣቢያው ደረጃ የለውም፤ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ጋሪ ቀጥ ብሎ እንዲገባ ተብሎ ወለሉ ከመንገዱ እኩል ነው የተሠራው።»

«እንዴት አይኖረውም?» አሉ፣ እኔ ሰርቄ የደበቅኩት ይመስል በቁጣ እያዩኝ። «ልጄ ከትናንት በስቲያ ከሱ ላይ ወድቆ እጁ ተሰብሯል!»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ጣቢያው ላይኛው ሰፈር ሳለ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል፤ አብዛኛውን መዝገብ ያዥ ሆነው። ጣቢያው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደዚህ ሲዛወር እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ እግራቸው እዚህ ደርሶ አያውቅም። ወንድ ልጃቸው ፀጉር አስተካካይ ነው። የደንበኞች መቀመጫው አግዳሚ ወንበር የእግረኛ መንገድ ይዟል ተብሎ ተወሰደበት፤ «ለምን?» ብሎ ወንበሩን ተከትሎ ጣቢያ ገባ። ማታ ሲወጣ ወንበሩ የለም፤ ቀኝ እጁ ተሰብሯል፤ በግራው አንድ ወረቀት ይዟል።

«እሱ ራሱ ምን ይላል?» ስል ጠየቅኩ።

«‹ደረጃ ነው ብለው ጽፈዋል› ይለኛል። ከዚያ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ግራ የገባው ልጅ! እኔም ሌላ ሰው እንዳይሰበር የበኩሌን ልጠግን ሲሚንቶ ይዤ መጣሁ። በል አንተ ደግሞ ደረጃው ይታደስ ብለህ ማመልከቻ ጻፍልኝ።»

የሌለ ደረጃ ይታደስ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ቢሆንም ደንበኛ ደንበኛ ነውና «ቦታውን አብረን እንይ» ብዬ ተከተልኳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን እንደ ፈረስ ከፍ አድርገው አነሡ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ ጉልበት! ባዶ ረግጠው ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። ለአፍታ ያህል ወረቀቱ እውነት ሊሆን ነበር።

ወጣቱ መዝገብ ያዥ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሥራውን ያስለመዱት እሳቸው ነበሩ።

«ሃምሳ አለቃ! ምን ጠፋ?»

«ደረጃው!»

መዝገብ ያዡ ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ። በኋላም፣ ለሳቸው ካለው አክብሮት ይመስለኛል፣ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ።

«ደረጃው… እድሳት ላይ ነው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትእዛዙ እንደመጣ።»

«ትእዛዙ መቼ መጣ?»

«ገና ነው።»

ሽማግሌው አመስግነውት ወጡ። ጠረጴዛዬ ጋ ስንመለስ ሲሚንቶውንና ማንኪያውን መሬት ላይ አኖሩና ዙሪያውን ቃኙ። ከዚያ «እድሳት ላይ ነው አለኝ። ፍርስራሹስ? ፍርስራሽ አየህ?» አሉኝ። አላየሁም።

በዚህ መሐል የነርስ ጋውን ላይ ሹራብ የደረበች፣ ትልቅ ፖስታ የያዘች ወጣት እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ አቤቱታ ይጻፉልኝ፣ በጣም ቸኩያለሁ» ካለችኝ በኋላ ነው ሽማግሌውን ያየቻቸው።

«አባባ? እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ሲሚንቶው ምንድን ነው?»

ሴት ልጃቸው ነበረች። አባትና ልጅ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እጅ ምክንያት፣ ሁለት ማመልከቻ ሊያጽፉ መጡ፤ እሳቸው ደረጃው ይጠገን፣ እሷ የመታው ይጠየቅ። በአዲሱ ደንብ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚቀበል መርማሪ ማዘጋጃ ቤት መጥቶ እስከ እኩለ ቀን ይቆያል። ከዚያ ካለፈ የልጁ ጉዳይ «መውደቅ» ተብሎ ይዘጋል።

ሃምሳ አለቃው ተቆጡ። «ፖሊስ ልትከሺ? የአባትሽን እንጀራ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ንጉሥ አልከሰስኩም አባባ። የምከሰው አንድ ክንድ የማይሞላ ቆመጥና የያዘውን ሰው ነው።»

«ቆመጥ መኖሩን በምን አወቅሽ? አይተሻል?»

ከፖስታው ራጁን አወጣችና ወደ ፀሐይ ያዘችው። «እዩት። ሰው ሲወድቅ መዳፉን ይዘረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እዚህ፣ አንጓው ጋ ነው። ይሄ ግን ክንዱ መሐል፣ በትንሿ ጣት በኩል ነው የተሰበረው። እንዲህ የሚሰበረው ሰው እንዲህ ሲያደርግ ነው» ብላ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋረደች።

የሽማግሌው ቀኝ እጅ ሳያውቁት ተነሣ። የሷን አልደገሙም፤ የመቺውን ነበር የሠሩት። እጃቸውን አየር ላይ አዩትና ቀስ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ እርሳሴን መቅረጽ ጀመርኩ።

«ፖሊስ ካልተፈራ ሥርዓት የለም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል። «ሰካራም ቢላ ሲመዝ በምክር ታስቆሚዋለሽ?»

«ቢላ የመዘዘ በጉልበት ይያዝ፣ እኔም አልቃወም። ወንድሜ ግን የመዘዘው ‹ለምን› የምትለውን ቃል ነው።»

«በሥራ ላይ ስህተት ይኖራል።»

«ይኖራል! እኛም ክሊኒክ እንሳሳታለን። ግን መርፌ ስወጋ ማን እንደወጋ፣ ምን እንደወጋ፣ ለምን እንደወጋ፣ በስንት ሰዓት እንደወጋ እጽፋለሁ። በሽተኛው እጄ ላይ ቢሞትና ‹ከአልጋ ወድቆ› ብዬ ብጽፍ ምን ይሉኛል?»

«ነፍሰ ገዳይ ነዋ!»

«ልጅዎ ብሆንም?»

«ብትሆኚም!» አሉ። «ይሄ ግን… ሌላ ነው።»

«በምን?»

ወደኔ ዞሩ። «ጸሐፊው፣ በምንድን ነው ሌላ የሚሆነው?»

«አባባ፣ እኔ የምጽፈው የተባልኩትን ነው» አልኩ። እርሳሴ እያለቀ ነበር።

«እሺ፣ መልካም» አሉ፣ አሁንም ለሷ። «ግን ገመና አደባባይ ሲወጣ የሁሉም ስም ይጠፋል። ጨዋው ፖሊስ ምን አጠፋ?»

«ጨዋው ፖሊስማ ነው የሚጎዳው አባባ! ሰው መቺውን ከማይመታው መለየት ካልቻለ ሁሉንም ይሸሻል። ቢያዩኝ እስቃለሁ፣ ባያዩኝ እሰርቃለሁ ይባላል፤ የሚያይ ሰው ቢኖር ያ ፖሊስ ቆመጡን ያነሣ ነበር? ደግሞ አንድ ሰው አይደለም። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ ወንድሜን ጨምሮ አሥራ ሰባት ሰው ይችኑ ወረቀት ይዞ ክሊኒካችን መጥቷል። ቃሉ አንድ ነው። ‹ከጣቢያው ደረጃ ላይ ራሱን ስቶ በመውደቁ፣ በደረሰበት ጉዳት ማንም ተጠያቂ እንደማይሆን ታውቆ…›»

«አምጪው» አሉ ሃምሳ አለቃው።

ለካ የልጃቸውን ወረቀት ማኅተሙን አዩ እንጂ ቃሉን አላነበቡትም ነበር። መነጽራቸውን አወጡ። አነበቡት። መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አነበቡት። ከዚያ ሳይጋበዙ የደንበኛ በርጩማዬ ላይ ዝርፍጥ አሉ።

«ነጠላ ሰረዟ እንኳ የኔ ናት» አሉ።

ልጅቱም እኔም አልገባንም።

«የድሮው ጣቢያ አራት ደረጃ ነበረው። አንድ ቀን አንድ ተሸካሚ ሲጠየቅ ጥርሱ ረገፈ። አለቃዬ ‹ጻፍ› አለኝ። ምን ልጻፍ? ቀና ስል ደረጃው ታየኝ። ይችን ጻፍኩ። ‹አቤት! የተማረ ሰው!› አለኝ። ሌላ ጊዜም መጣ፤ ጻፍኩ። ለአዲሶቹ መዝገብ ያዦች ‹ስትቸገሩ ይችን ጻፉ› ብዬ በቃል አስጠናኋቸው። ከዚያ ቤቱ ተቀየረ። ቃሏን ግን ማንም አልቀየራት።»

«እርስዎ ነዎት?» አለች ልጅቱ። በአባቷ የእጅ ጽሕፈት ስትኮራ ያደገች ልጅ ናት። ክርክሩን ማሸነፏ ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

«እኔ ነኝ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ፤ ጅቡ ዞሮ ዞሮ ቤቴ ገባ። የገረመኝን ልንገርሽ? ማኅተም ተመቶበት ሲመጣልኝ የራሴን ውሸት አመንኩት! ሲሚንቶ ይዤ መጣሁ እኮ!»

ሦስታችንም ሲሚንቶውን አየነው።

«እንግዲያው አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄን ለመርማሪው ሊያስረዳ የሚችል ከርስዎ ሌላ የለም።»

«አብረውኝ ያገለገሉት ምን ይሉኛል? ነገ ስሞት ማን ያነሣኛል?»

«ነገ ሲሞቱ አላውቅም። ዛሬ ግን ልጅዎ ምላጭ የሚይዝበት እጅ የለውም። ለሚመጣው ሳምንት ደግሞ አሥራ ስምንተኛው አለ።»

ሽማግሌው የልጃቸውን ወረቀት አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። የድሮ ጓዶቻቸውን በዓይነ ኅሊናቸው ያዩ ይመስለኛል፤ ልጃቸውንም ወደ ግድግዳው ዞሮ። በመጨረሻ «ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«አምስት ተኩል።»

«ጻፍ» አሉኝ።

ወረቀት አዘጋጀሁና እንደ ልማዴ «‹በማይታወቅ ሁኔታ ጉዳት ደርሶ› ብዬ ልጀምር?» አልኩ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የምጀምረው። ማንንም አያስቀይምም፤ ጠረጴዛዬንም ከጣቢያው ማዶ አቆይቶልኛል።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አንተም ደረጃ አለህ ማለት ነው» አሉ።

ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልኩና ሌላ አወጣሁ።

«እንዲህ ብለህ ጀምር» አሉ። «‹ደረጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ።›»

መርማሪው በማግስቱ ሜትር ይዞ መጣና የጣቢያውን በር ለካ። ደረጃ ዜሮ ሆኖ ተገኘ። መዝገቡን ከፈተ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዜሮው ላይ መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወድቋል። የመታው ፖሊስ ፍርድ ቤት ቀረበ። መዝገብ ያዡም «የተማርኩትን ነው የጻፍኩት» አለ፤ እውነቱን ነው፤ ተቀጣም።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙ ምንድን ነው ብትል ያየሁትን ልንገርህ። አሁን በጣቢያው ጉልበት ከተጠቀሙ አምስት ነገር ይጻፋል፤ ማን፣ በምን፣ በማን ላይ፣ ለምን፣ ማን እያየ። አንዱ ቅጂ ለተጎጂው፣ አንዱ ለክሊኒኩ ይሰጣል። እጅ ለማንሣት ይህን ሁሉ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ ይመስለኛል፣ የወደቀ ሰው እጅግ ቀነሰ። አንድ ሰካራም አንዱን ፖሊስ «ጥርሴን ሰበረው» ብሎ ሲከሰው ደግሞ ፖሊሱን ነጻ ያወጣው ያው መዝገብ ነው። ሌባ ሲያዩ ዓይናቸውን ይጨፍኑ የነበሩ የገበያ ሴቶች ዛሬ ራሳቸው እየጎተቱ ያመጡታል። እንጀራዬ ይጎድላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለካ ድሮ ፈርቶ የማይመጣው ይበዛ ኖሯል።

ሃምሳ አለቃው ግን አሁንም ግራ እንደተጋቡ ናቸው። ሁለት የድሮ ጓዶቻቸው ሰላም አይሏቸውም። ሦስተኛው ደግሞ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ፣ ዙሪያውን ገላምጦ፣ «እኔም ትንሽ ደረጃ ነገር ነበረኝ» ብሎኝ ተቀምጧል።

የልጁ እጅ ጥገናው ቢይዝም ጣቶቹ እንደ ቀድሞው አልታዘዙም። በግራው መላጨት እየተለማመደ ነው። የሚለማመደው በማን ላይ እንደሆነ መገመት አያቅትም። ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌው አገጫቸው ላይ ጥጥ ለጥፈው፣ ደሙ አንገትጌያቸው ላይ ደርቆ በፊቴ ሲያልፉ አየሁና ደነገጥኩ።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

ቆሙ። ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሪፖርት እንዳቀረበ ሰው ቀጥ ብለው መለሱልኝ።

«ልጄ ነው። በምላጭ። በኔው ላይ። ሳያስበው። እኔ እያየሁ።»