ሥራ እንደ ሰደቃ አይዞርም

ደግ ሰው ደግነቱ ጎዳን ሲባል መስማት አይወድም። ሐጂ ኡዘይርም አልወደዱም፤ ተቆጥተዋል፣ ተከራክረዋል። በኋላ ግን ሰምተዋልና ታሪካቸው ቢነገር የሚያፍሩበት አይደለም።

ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ነው። ከጦርነቱና ከድርቁ ወዲህ አገሩ ቀና ማለት ጀምሯል፤ የሳንጃ ሰሊጥም ጎንደር ላይ ተፈላጊ ሆኗል። ሐጂ ኡዘይር ከአባታቸው የወረሱትን የጨርቅ ንግድ ትተው አዘዞ ላይ የሰሊጥ መጋዘን ከከፈቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ቀን ከባሕር ዳር ሲመለሱ ጠዳ ላይ የመኪናቸው ጎማ ፈነዳና ጎሚስታው ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ያሳሰባቸው ግን ጎማው አልነበረም። ባሕር ዳር ያለው ገዢያቸው ሰሊጣቸውን በመዳፉ ዘግኖ ጠጠሩን አሳይቷቸዋል፤ ጭነቱንም መልሶባቸዋል። “ሐጂ፣ ዳግመኛ እንዲህ ሆኖ ከመጣ ሌላ ገዢ ይፈልጉ” ብሏቸዋል። ሌላ ገዢ ደግሞ የላቸውም።

በዚህ መሀል ከሚኒባስ አንዲት ወጣት ወረደች። የሟቹ ወዳጃቸው የአኒስ ልጅ ፈህሚያ ነበረች፤ ኢኮኖሚክስ ተምራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብታለች።

“አሰላሙ አለይኩም ሐጂ! ምነው እዚህ?”

“ወአለይኩሙ ሰላም ልጄ! ጎማ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። አንቺስ ይህን ሁሉ ወረቀት ታቅፈሽ ወዴት ነው?”

“ስንት አዲስ ሥራ እንደተከፈተ እየዞርን እንጠይቃለን። ነገ እርስዎም ዘንድ ልመጣ ነበር፤ አላህ አገናኘን።”

የሐጂ ፊት ፈካ። “እንግዲያውስ ጻፊ፤ ሁለት መቶ ሴት ሰሊጥ ለቃሚ!”

“ሁለት መቶ? መጋዘኑ ይህን ሁሉ ሰው ይችላል?”

“በአንድ ቀንስ አርባ ናቸው የሚገቡት። እያዟዟርሁ ነው እንጂ! ዛሬ የገባች ነገ ለሌላዋ ትለቃለች። አባቴ አላህ ይዘንላቸውና ሰደቃ ሲያወጡ ‘ትናንት የወሰደ ዛሬ ወደ ኋላ ይቁም’ ይሉ ነበር። እኔም ያንኑ አደርጋለሁ፤ እንጀራው ለሁሉም ይዳረስ ብዬ።”

ይህን ሲሉ ኩራት ነበረባቸው፤ ከልባቸውም ነበር። ፈህሚያ እስክሪብቶዋን ከደነች።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና ሐጂ፣ ሁለት መቶ ብዬ አልጽፍም። አርባም አልጽፍም። የአንድ ቀን ሥራ ለሁለት መቶ ሰው አደሉ እንጂ ሥራ አልሰጡም።”

“አጂብ! አባትሽ እንኳ እንዲህ አይደፍረኝም ነበር!” አሉ ሐጂ ብድግ ብለው። “ሥራ የሚባል ነገር በጠፋበት አገር ሰው የዕለት ጉርሱን ሲያገኝ አልሐምዱሊላህ አይባልም? ሥራ ሥራ ነው! ይህ ጥሩ፣ ያ መጥፎ እያለ የሚያማርጥ የጠገበ ነው።”

“ይባላል እንጂ ሐጂ፤ ባዶ እጅ ከመዋል ይሻላል። ነገር ግን ነገ ትግባ አትግባ የማታውቅ ሴት ምን ተማምና ቤት ትከራያለች? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆንባታል። ሰደቃ ይዳረሳል፤ ሥራ ግን ይያዛል።”

“አርባውን ይዤ የቀሩትን ሜዳ ላይ ልጣል? የተማራችሁት ይህን ነው?”

ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነበርና ፈህሚያ በጣቷ እየቆጠረች ታሰላ ጀመር።

ሐጂ ንዴታቸውን ለማብረድ በዚያ ከምታልፍ ሴት አንድ ስኒ ቆሎ ገዙ። መዳፋቸው ላይ አድርገው እያገላበጡ ቢያዩት አንዲት ጠጠር፣ አንዲት ገለባ የለበትም። “ወላሂ፣ እንዲህ ያለ የጠራ ቆሎ አይቼ አላውቅም! ማን ነው የለቀመው?”

“እኔው ነኛ አያ ኡዘይር። አላወቁኝም? ከርስዎ መጋዘን ሰሊጥ ስለቅም ነበር እኮ።”

ሐጂ ደነገጡ። “ስምሽ ማን ነበር?”

“እታገኘሁ።”

“ምነው ታዲያ ተውሽን?”

“ኧረ እኔ መቼ ተውሁ! ገና ሳይነጋ በር ላይ እቆማለሁ፤ ዘበኛው ‘አንቺ ትናንት ገብተሻል’ ብሎ ይመልሰኛል። ዓይኔ ሰሊጡን ሲለምድ እወጣለሁ፣ ያልለመደችው ትገባለች። ጠጠሩ እኮ መልኩም ልኩም ሰሊጥ ነው፤ በአንድ ቀን አይለይም። እርስዎ ሸጋ ሰው ነዎት፣ አልረገምሁዎትም። የቤት ኪራዩ ቢከብደኝ ጊዜ ልጄን ይዤ እዚህ እህቴ ዘንድ ተጠጋሁ።”

ሐጂ መዳፋቸውን አዩ። የገዢው መዳፍ ታወሳቸው።

“ያ ረቢ!” አሉ ቀስ ብለው። “ለካ ሰሊጡን ያስመለሰብኝን ጠጠር ያስገባሁት እኔ ነኝ።”

ፈህሚያ አሁን ብታሸንፍም አልሳቀችም። “ሐጂ፣ እርስዎ ደንበኛዎን በየቀኑ ይለውጣሉ?”

“ምን ነካሽ! ደንበኛ እኮ ተይዞ…” ብለው ሳይጨርሱ ነገሩ ገባቸው።

“ለቃሚም እንደዚያው ናት። ስሟን መዝግበው በውል ይያዟት፤ ስትታመም ቦታዋን ይጠብቁላት፤ ለአቧራውም አፍና አፍንጫዋን የምትሸፍንበት ይስጧት። የቀሩትን አሉኝ፤ ሁሉም ዛሬ ይገባሉ ብዬ አልዋሽዎትም። ሰሊጡ ሲጠራ ግን ገዢ ይበዛል፤ ገዢ ሲበዛ ሌላ መጋዘን ይከፈታል። ሰሊጡ እንዲህ እየተመለሰ ከቀጠለ ግን አርባዎቹም ይበተናሉ።”

ሐጂ መዳፋቸው ላይ የቀረውን ቆሎ አፋቸው ጨመሩ። ከዚያ፦ “ወረቀትሽን ባዶውን ያዢው፤ የዛሬ ዓመት ነይ” አሏት። ወደ ሴቲቱም ዞሩ። “እታገኘሁ፣ ሰኞ ነይ። ማክሰኞም ነይ። ከዚያም ወዲያ።”

እንዳሉትም አደረጉ። አርባ ሴቶች በስማቸው ተመዝግበው ውል ያዙ፤ እታገኘሁም አዲሶቹን አጠገቧ እያስቀመጠች አስተማረች። ጠጠር ያለበት ሰሊጥ ዳግመኛ ከባሕር ዳር አልተመለሰም፤ ይልቁንም ገዢው ጨምር አለ። ዓመቱ ሲዞር ሁለተኛው መጋዘን ተከፍቶ ሌሎች ሠላሳ ገቡ። ፈህሚያ መጥታ “ሰባ” ብላ ስትጽፍ ሐጂ ከሁለት መቶው ይልቅ በሰባው ኮሩ፤ እያንዳንዷን በስሟ ያውቋታልና። ያልገቡትን ግን ዛሬም አልረሱም፤ ሦስተኛውን መጋዘን የሚያሠሩትም ስለዚሁ ነው።

ሐጂ ነገሩን ሲያወሩ የሚያነሡት ግን ያችን የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው፤ ድሮ ቢሆን ዘበኛው እታገኘሁን የሚመልስበትን ቀን። እታገኘሁ በውሉ ተማምና አዘዞ ተመልሳ ጎጆ ተከራይታለች። ሐጂ የንጋት ሶላታቸውን ሰግደው ወደ መጋዘኑ ቢወጡ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ሥር ቆማለች።

“ምነው እታገኘሁ? የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ አይደለም እንዴ?”

“ልማድ ሆኖብኝ ነው አያ ኡዘይር። ሌላ እንዳትቀድመኝ ብዬ።”

“ማንም አይቀድምሽም። ሂጂ፣ ልጅሽን ቁርስ አብይ። ቦታሽ ያንቺው ነው።”

እታገኘሁ ሄደች። ጥቂት ተራምዳ ዞራ በሩን አየች፤ ደግማም ዞረች። ከዚያ ወዲያ ግን አልዞረችም።