ዳር ያልደረሱ መስመሮች

ሰንበት ጠዋት፣ የጸሎት ጥሪው ከበሮ እየተመታ፣ ወደ ጸሎት ቤት ስሄድ ሽማግሌ ኢካቦድ ፔክ የሸማኔውን ሚስት ሁልዳ ዌርን መንገድ ላይ አቁመዋት አገኘሁ። በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል። እኔ በርሜል ሠሪ ነኝ፤ አያገባኝም ነበር፤ ቆምኩ።

«ከመጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ የወደቀችው ያንቺ ናት?»

«የኔ ናት፣ አባቴ። ይመልሱልኝ።»

«ከበሮው ሲያበቃ ጉባኤው ፊት ቆመሽ ታስረጃለሽ። መስመሮቹ ዳር ሳይደርሱ ይቆረጣሉ! ደህና ሰው ወረቀት እንዲህ ያባክናል? ድግምት ነው።»

«ግጥም ነው።»

«የሴት እጅ መርፌ ይያዝ። ስትሞነጫጭሪ ዳቦው ያራል።»

«ዳቦዬን ሲበሉ አሮ ያውቃል?»

«አንብበውታል፣ አባቴ?» አልኩ።

ሽማግሌው ሳሉ። የታተመ ከሆነ ኢሳይያስን ያንበለብላሉ፤ የእጅ ጽሑፍ ግን አያውቁም። በመንደራችን እንዲህ ያለው ብዙ ነው፤ ነውር አይደለም። ነውሩ ያላነበቡትን መክሰስ ነው።

«እንግዲያው አንተ አንብብ!»

ሁልዳ ክንዴን ጨመቀችው። «ተወው፣ ወንድሜ! ይቃጠል። ጉባኤው ፊት ልቁም።» ከበሮው ፈጠነ። አነበብኩ፦

ቃል ሳንል ቀበርናት፣ ሕጋችን ነውና፤
ሰው ሁሉ ሲበተን አያቷ ቀረና፣
ጓንቱን አወለቀ፣ በረዶ ዳሰሰ፣
እንዳይበርዳት ብሎ አፈር አለበሰ።

የሽማግሌው የልጅ ልጅ ዶርካስ ከሞተች ሦስት ሳምንቷ ነው። እኛ መቃብር ላይ ጸሎትም ስብከትም የለንም፤ ቀብረን ዝም ብለን እንመለሳለን።

«ማንም አላየኝም» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«ሻሌን ረስቼ ስመለስ አየሁዎት።»

«ሕጉን ነቀፍሽ?»

«እዚያ ዝም ብያለሁ፣ አባቴ። ቤቴ ስገባ ግን አቃተኝ።»

ከበሮው ቆመ። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ሁልዳ ዓይኗን ጨፈነች።

«የዶርካስ እናት ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሰችም፤ እህልም በወጉ አልቀመሰችም» አሉ። «ከጸሎት በኋላ መጥተሽ ታነቢላታለሽ። እኔ... አልችልም።»

በዚያው ቀን እናትየዋ ሰማች፤ አለቀሰች፤ ከዚያ የበቆሎ ገንፎ ጠየቀች። ጉባኤው ፊት የቆመ ሰው አልነበረም።

አሁን ሦስት ባለትዳር ሴቶች ከሁልዳ ዘንድ ጽሕፈት ይማራሉ። የትኩሳት መድኃኒት ልኩ ይጻፋል፤ ልጅ የተወለደበት ቀን አያከራክርም፤ ባል ርቆ ሲሄድ ሚስት ራሷ ደብዳቤ ትጽፍለታለች። በዚህ ሰበብ ሳይሠራ የቀረ የቤት ውስጥ ሥራ ካለ እስካሁን አልሰማሁም።

ባለፈው ሰኞ ሽማግሌው በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ጽሕፈት ሊማሩ ወደ መሥሪያዬ መጡ።

«ከስምዎ እንጀምር» አልኳቸው።

«ከዶርካስ ጀምር» አሉ።

አራት ፊደል ናት። እስከ ማታ ጻፏት።