ከባድ ወንበር፣ ቀላል ወንበር

ጋሽ ጊዛ ብረት አቅልጠው ሲያፈሱ ያረጁ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ጊዛ ማለት ዕድሜ ልካቸውን በቅርጽ ሲያፈሱት የኖሩት ከባዱ ብረት ነው። አንድ ቀን ከብረታ ብረት ሱቅ ደጃፍ ጎማ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ሲያማርጡ፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የምታስተምረው የእህታቸው ልጅ ድንገት አገኘቻቸው። ጉንጫቸውን ስማ ሳትጨርስ ኩሽኔታው ለምን እንደሆነ ጠየቀች።

ለሚስታቸው ወንበር ነበር። የሴትየዋ እግር አልታዘዝ ካለ ወዲህ ባለጎማ ወንበር ራሳቸው ከጊዛ ሠርተውላቸዋል። ምን ያደርጋል፣ ባለቤቲቱ ሊነዱት ቢታገሉ ወይ ፍንክች! ዘይት ቢያጠጡትም ያው ነው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኩሽኔታው አይደለም» አለች ልጅቷ። «ለምን በአሉሚኒየም ቅይጥ አንሠራውም?»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ ሚስቴን ድስት ላይ አላስቀምጥም። እሷን የመሰለች ሰው ቀላል ነገር ላይ?»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። እኛ ያከበርነውን ሰው ከባድ ሰው እንለዋለን፣ የናቅነውን ደግሞ ቀላል። ጋሽ ጊዛ ይህን አነጋገር ከሰው ላይ አንስተው ብረት ላይ ጫኑት፤ ሸክሙ ግን ያረፈው ሚስታቸው ላይ ነው። ስንቶቻችን እንዲህ የምንወደውን ሰው በፍቅር እንጎዳለን!

ልጅቷ ጊዛን አላጣጣለችም። ሲጫኑት ይችላል፣ ሙቀት ይይዛል፣ የማሽን ንዝረት ይውጣል፤ ለምድጃና ለማሽን መቀመጫ ማን ይስተካከለዋል አለች። ነገር ግን በውስጡ የተበተነው ካርቦን ልክ እንደ ስንጥቅ ስለሆነ፣ ሲመቱት ሳይታጠፍ በድንገት ይሰበራል። አሉሚኒየምም ብቻውን ልል ነው፤ ማግኒዚየምና ሲሊከን ሲገባበት ግን ይጠነክራል። ክብደቱ የጊዛን ሲሶ ቢያልፍ ትንሽ ነው፣ እንደ ብረትም አይዝግም። ቶሎ ስለሚለመጥ ወንበሩ የሚሠራበት ቧንቧ ወፈር ማለት አለበት፤ ይህንንም አልደበቀችም።

እሳቸው ግን በወሬ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ከባለሱቁ መዶሻ ተቀብለው አንድ አሮጌ የጊዛ እጀታ መቱ፤ ለሁለት ተከፈለ። ከሱቁ የአሉሚኒየም ቅይጥ ቧንቧ አንስተው ደገሙ።

«ይኸው ጎደጎደ!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

«ጎደጎደ እንጂ አልተሰበረም፣ ጋሼ። ከመሰበሩ በፊት ያስጠነቅቃል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይቆጡኝና፣ እትዬ የሟች ልጃቸውን ክፍል ማየት እንደናፈቃቸው ነግረውኛል። ውሰደኝ ሲሉዎት ነገ ይሏቸዋል አሉ።»

ጋሽ ጊዛ መዶሻውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እኔ እዚያ መግባት አልችልም፣ ልጄ። አልጋውን ማየት አልችልም።»

«እርስዎ አይግቡ። እሳቸው ግን በገዛ እጃቸው ይሂዱ።»

ጋሽ ጊዛ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ኩሽኔታውን ለባለሱቁ መልሰው፣ ቧንቧውን አንቺው ምረጪ አሏት።

ወንበሩ ተሠራ። ጥቅሙን ለመናገር ያህል፣ ሴትየዋ ውኃ ሲጠማቸው ሰው አይጠሩም፣ ትከሻቸውን አያማቸውም፣ ደጅ ወጥተው ጎረቤት ሰላም ይላሉ። ከቤት ደጅ ሲወጣም ወንበሩን አንድ ሰው በአንድ እጁ ያነሳዋል። ዋነኛው ጥቅሙ ግን ልጅቷም ያላሰበችው ነበር።

በተቀመጡበት የመጀመሪያ ቀን ሴትየዋ ጎማውን ገፋ ሲያደርጉት ወንበሩ እሺ አለ። መተላለፊያውን አልፈው የልጃቸውን ክፍል ከፈቱ፣ ገቡና በሩን ዘጉ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ያለቀሱት ሁሉ ሰው ፊት ነበር፤ የሚገፋቸው ሰው ሳይኖር የትም ሄደው አያውቁምና። አሁን ብቻቸውን ሆነው አምርረው አለቀሱ።

ጋሽ ጊዛ እስከ በሩ መጡ። ሚስታቸው ለልቅሶ እንኳ የሳቸውን «ነገ» ሲጠብቁ እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባቸው። ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱና መለሱት።

«አልቆለፍኩትም እኮ» አሉ ሚስታቸው ከውስጥ።

ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከሚስታቸው ጋር አለቀሱ።