ነብሮ ፖስተኛውን ለምን ጠላ

«ሃያ ሁለት ዓመት የወረዳ ዳኛ ሆኜ ስንት ወንበዴ ፊቴ ቆሟል! ዛሬ ደግሞ አንቺ የውሻ ጠባይ ልታስተምሪኝ ነው?» አሉ አቶ ወልደአምላክ፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበትን ሥጋ በእጃቸው እንደያዙ።

«ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ጋሼ። ሚጥሚጣውን አይስጡት ነው ያልኩት።»

«ሚጥሚጣ ውሻን ቁጡ ያደርጋል። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያሳድጉት።»

«ሆዱን ስለሚያቃጥለው ነዋ የሚቆጣው! እርስዎስ ሆድዎን ቢያቃጥልዎ አይቆጡም?»

አቶ ወልደአምላክ ሥጋውን ለውሻው ወረወሩለት። ነብሮ ሰንሰለቱ እስከሚፈቅድለት ድረስ ዘሎ ሳያላምጥ ዋጠውና ወደ ልጅቷ ዞሮ መጮኹን ቀጠለ።

ክርክሩ የተነሣው በአጋጣሚ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር፣ ልጅቷ፣ ስሟ ተናኘ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ባቡር ጣቢያ በዚሁ ሰፈር ወደሚኖረው ወንድሟ ቤት ስትሄድ በዚህ አጥር በኩል አለፈች። ሌላ ሰው ቢሆን ጩኸቱን ሰምቶ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር፤ እሷ ግን ቆመች። በዚያው ባቡር በሚደረስባት በአሌክሳንድሪያ፣ በአንድ የውሻ ማሠልጠኛ ቤት ሁለት ዓመት ሠርታለች። መጀመሪያ የውሾቹን ገላ ስታጥብ፣ በኋላ ደግሞ ከባለቤቲቱ ከአሮጊቷ አሠልጣኝ እግር ሥር ሆና ስትማር፣ አንዱን ጩኸት ከሌላው መለየት ጀምራ ነበር። የነብሮ ጩኸት የቁጣ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ገባት፤ ስለገባትም ልቧ በደስታ ዘለለ። አዲስ ፊደል የቆጠረ ልጅ በየግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ካላነበብኩ እንደሚለው፣ ተናኘም በዚያ ሰሞን ያየችውን ውሻ ሁሉ ካላነበብኩ ትል ነበር።

«አባትሽ ሐኪም ትሆንልኛለች ብለው ልከውሽ ውሻ ታጥቢያለሽ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጋሼ። ጥርሳቸውንም እቦርሻለሁ።»

ከበረንዳው ላይ ሳቅ ተሰማ። የአቶ ወልደአምላክ ባለቤት ወይዘሮ እንግዳወርቅ ናቸው። ነጠላቸውን እያጣፉ ወረዱ።

«እሱ አይነግርሽም፣ እኔ ልንገርሽ፣ ልጄ። ነብሮ የፖስተኛውን ሱሪ ቀደደው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ደብዳቤያችንን ለጎረቤት እየሰጠ በማዶ ያልፋል። የካውንቲው አስተዳደር ደግሞ ጻፈብን፤ ከአንድ ወር በኋላ ኢንስፔክተር ይመጣል፣ ያን ቀን ሰው ላይ ከዘለለ ይወስዱታል። ወስደው የሞት መርፌ ነው የሚወጉት አሉ። ሌባ ቤታችንን ሰብሮ ከገባ ጀምሮ እኮ እኔ ዓይኔን የምከድነው በዚህ ውሻ ነው።»

«ሥራውን ስለሠራ ነው የሚከሰሰው!» አሉ አቶ ወልደአምላክ። «ሰው ሲገባ ካልዘለለ ውሻ ምን ይሠራል? ያሰርኩትም ለዚሁ ነው። ያልታሰረ ውሻ ሰው ይለምዳል፤ ሰው የለመደ ውሻ ምኑን ጠባቂ ሆነ?»

«አገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን ይላል፣ ጋሼ?»

«ምን ይላል? ከደጅ ቆሞ ‹ውሻ ያዙልን!› ይላላ።»

«የሲልቨር ስፕሪንግ ፖስተኛስ ‹ውሻ ያዙልን› ብሎ ያውቃል?»

ወይዘሮ እንግዳወርቅ እንደገና ሳቁ። ዳኛው ግን አልሳቁም።

በእርግጥ አቶ ወልደአምላክ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነብሮን በቡችላነቱ ከመንገድ ያነሡት እሳቸው ናቸው። ስህተታቸው ለሌላ ግቢና ለሌላ እንግዳ የተሠራን ልማድ ሳይመረምሩ ይዘው መምጣታቸው ነው። እዚያ ልማዱን ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል፤ ጠሪውም ይጣራል፣ ባለቤቱም ውሻውን ይይዛል። እዚህ ግን አንዱ ወገን ብቻ ነበር የሚያውቀው።

«እስቲ እንደ ዳኛ ይመልከቱት» አለች ተናኘ፣ ድምፅዋ በጉጉት እየፈጠነ። «ፖስተኛው በሩ ድረስ ይመጣ በነበረ ጊዜ ነብሮ ምን ያደርግ ነበር?»

«ይጮኻል።»

«ከዚያ ፖስተኛው?»

«ደብዳቤውን አስቀምጦ ይሄዳል።»

«ነብሮ ማን ያባረረው ይመስለዋል?»

አቶ ወልደአምላክ ወደ ነብሮ ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው «እሱ ራሱ ያባረረው ነዋ የሚመስለው» አሉ።

«አዎ! በሳምንት ስድስት ቀን ያባርረዋል። ሰውየው ግን በማግስቱ ይመለሳል። እንግዲህ ነብሮ ምን ይበል? ‹ትናንት አልበቃውም› ብሎ ጩኸቱን ይጨምራል። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ላላ አለና ሱሪው ላይ ደረሰ።»

«ይህ ግምት ነው። ማስረጃ አምጪ።»

«ማስረጃው እዚያው ታስሯል። ነገ ፖስተኛው በማዶ ሲያልፍ ቁጭ ብለው ይዩትና ያዩትን ይጻፉ። ‹ተቆጣ፣ ናቀኝ› አይበሉ። ጆሮው የት ነበር? ጅራቱስ? አፉ ምን ሆነ? ይህን ብቻ።»

አቶ ወልደአምላክ ምስክር ሁሉ የመሰለውን ትቶ ያየውን እንዲናገር ሲያስጨንቁ የኖሩ ሰው ናቸው። በገዛ ሕጋቸው ተያዙ።

በማግስቱ ተናኘ ገና ከመንገዱ ጥግ ብቅ ስትል አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ጠበቋት፤ ደብተራቸውን እያውለበለቡ ነበር።

«ዘገየሽ! ስሚ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፤ ፖስተኛው በሩቅ ታየ። ውሻው ከንፈሩን ላሰ፤ ምግብ ግን የለም። አዛጋ፤ እንቅልፍ አልመጣውም። ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። ሰውየው ትይዩ ሲደርስ ወደ ኋላ ሸሸ። ሰንሰለቱ ያዘው። የጮኸው ሰንሰለቱ ከያዘው በኋላ ነው!» ደብተራቸውን ዘጉ። «ልጄ፣ ይህ ውሻ ይፈራል! ሁለት ዓመት ሙሉ ጀግና አለኝ እያልኩ ሳወራ ፈሪ ነው ያሰርኩት።»

«ፈሪ አይበሉት፣ ጋሼ። መሸሻ ያጣ ነው።»

አዛውንቱ ደብተሩን ደረጃው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሄደው ሰንሰለቱን ፈቱ፤ ስለ ሚጥሚጣውም ሁለተኛ አልተነሣም።

ሥልጠናው ተጀመረ። በአጠገባቸው የሚኖረው ታክሲ ነጂ ፍሰሐ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቦርሳ አንግቶ ፖስተኛ ሆነ። መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ብቅ ይላል፤ ነብሮ ሳይጮኽ ካየው አቶ ወልደአምላክ ወዲያው አንድ ቁራጭ ሥጋ ይሰጡታል፤ ፍሰሐም ይሰወራል። በማግስቱ ሁለት እርምጃ ይጠጋል። ሰማያዊ ሸሚዝ ማለት ሥጋ ማለት እንደሆነ ለነብሮ ቀስ በቀስ መግባት ጀመረ። አቶ ወልደአምላክ በእጃቸው የያዙትን ማሰሪያ ሲያጠብቁ ውሻውም ይጠብቃል፤ እጃቸው ሲላላ እሱም ይላላል። ይህን ባዩ ቀን ባለቤታቸውን ከወጥ ቤት እየጠሩ ሦስት ጊዜ አሳዩዋቸው።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ተናኘ ተሳሳተች። ውጤቱ አስደስቷት ቸኮለችና ፍሰሐን በአንድ ጊዜ እስከ አጥሩ በር አመጣችው። ነብሮ ዘለለ፤ የቦርሳው ማንገቻ ተበጠሰ።

«እኔ ፖስተኛ ልሁን አልኩ እንጂ ምሳ ልሁን መቼ አልኩ!» እያለ ፍሰሐ መኪናው ላይ ወጣ።

ተናኘ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ መጣ። «የቀረን ሁለት ሳምንት ነው። አበላሸሁት።»

«ጅራቱ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ነበር» አሉ አቶ ወልደአምላክ። «አይቼዋለሁ። አንቺ አዋቂ ነሽ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።»

«ለምን ዝም ይላሉ? ሁለተኛ እንዳይሉ! ያዩትን ወዲያው ይናገሩ።»

«እሺ፣ መምህሬ። በይ ተነሺ፤ ወደ ማዶው እንመለስ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱም ያዩ፣ ሁለቱም ይናገሩ ጀመር፤ ሥራውም የቀናው ያን ጊዜ ነው። ፍሰሐን ከመኪናው ላይ ለማውረድ ግን ወይዘሮ እንግዳወርቅ ምሳ መጋበዝ ነበረባቸው።

ኢንስፔክተሩ የመጣው ማክሰኞ ነው። ወረቀት የያዘ ረጅም ሰው ነበር። አንድም ቃል ሳይናገር የአጥሩን በር ከፍቶ ገባ። ነብሮ ተነሣ፤ ጆሮው ቆመ። የወይዘሮ እንግዳወርቅ ከንፈር በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ተናኘ ዓይኗን ከጅራቱ ላይ አልነቀለችም።

«ጅራቱ ልል ነው» አሉ አቶ ወልደአምላክ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

ነብሮ ሰውየውን አየ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ አቶ ወልደአምላክን አየ፤ «መጣልን፣ ሥጋው የታለ?» የሚል ይመስል ነበር። አዛውንቱ ሥጋውን ሰጡት። ኢንስፔክተሩ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለተኛ ዞረ፤ ጻፈ። የአጥሩ በር መቆለፊያ እንዲበጅለት ብቻ አሳስቦ ሲወጣ ወይዘሮ እንግዳወርቅ እልል አሉ። ሰውየው ደንግጦ ዞረ፤ ነብሮ ግን አልዞረም።

ወሬው ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ቅዳሜ ጸጋዬ የሚባል የአሌክሳንድሪያ ሰው ጥቁር ውሻውን በአጭር ገመድ አንቆ፣ ሌሎች ሁለት ባለ ውሾችም ተከትለውት ግቢው ውስጥ ቆሙ።

«የኔስ የባሰበት ነው፣ ጋሼ» አለ ጸጋዬ። «ምንም ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነክሰው።»

ተናኘ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አቶ ወልደአምላክ ቀደሟት።

«ሲያጉረመርም ምን ታደርገዋለህ?»

«በጫማ ነዋ! ማጉረምረሙንስ አስትቼዋለሁ።»

«እንግዲህ ማስጠንቀቂያውን ራስህ ነህ የከለከልከው። ምስክሩን ደብድበህ ዝም አሰኝተህ፣ ‹ለምን አልነገረኝም› ትላለህ? መጀመሪያ ገመዱን አላላው። አሁን ምን ታያለህ? የመሰለህን አልጠየቅኩህም፤ ያየኸውን ንገረኝ።»

ጸጋዬ ተንበርክኮ ውሻውን፣ ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አየው። «ከንፈሩን... ከንፈሩን እየላሰ ነው» አለ።

«በል ጻፍ!» አሉ አዛውንቱ ደብተር እያቀበሉት፤ ፊታቸው በርቷል። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ዛሬ ፖስተኛው እስከ በራችን ይመጣል። የጎረቤት ሕፃናት በዚህ በኩል ያለ ፍርሃት ያልፋሉ። ሌላ ሰው በሌላ ሰዓት ቢመጣም ነብሮ ይነግረናል፤ ነግሮን ደግሞ ዝም ይላል፤ እንግዳወርቅም ተኝታ ታድራለች። ያስፈራራል ያልኩት ውሻ ሲፈራ ነበር፤ ፍርሃቱ ሲቀር ነው የሚጠብቀን ጠባቂ የሆነው። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ማየት ነው፣ ልጆቼ። ማየት!»

ሌሎቹም ውሾቻቸውን ይዘው ተጠጉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጆሮ፣ ጅራት፣ ማዛጋት እያለ ይከራከራል። አቶ ወልደአምላክ እጃቸውን አንሥተው እንደ ችሎት ተራ ያስይዛሉ።

ተናኘ ጥቂት ቆማ ሰማች። ወደ አሌክሳንድሪያ ሥራዋ የሚያደርሳት ባቡር በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይነሣል። ጃኬቷን ከደረጃው መደገፊያ ላይ አነሣች፤ የአጥሩን በር ከፍታ ወጣች፤ አዲሱን መቆለፊያ ከውጭ በኩል በቀስታ መለሰችና ወደ ጣቢያው አመራች።